ከ15 እስከ 18፦ የታዳጊዎች ሥራና ሙያ በመሐል አዲስ አበባ

በመሐል አዲስ አበባ ታዳጊዎች የመጀመሪያ ሥራቸውን የሚያገኙት ከማስታወቂያ ሰሌዳ አይደለም። አጎት ጋራዥ አለው። የጎረቤት ሴትዮ ፀጉር ቤት ከፍታለች። የአብሮ አደግ ወንድም ሞባይል ይጠግናል። ሰኔ ላይ ትምህርት ሲዘጋ እናት «ይሄን ልጅ እስቲ ከአጠገብህ አውለው» ትላለች፤ ሥራው በዚያው ይጀመራል። አንዳንዱ መስከረም ሲጠባ ወደ ክፍል ይመለሳል። አንዳንዱ እዚያው ይቀራል።

ሕጉ መቀጠር የሚፈቅደው ከ15 ዓመት ጀምሮ ነው። የመንግሥት የሙያ ኮሌጆች በር ግን በአብዛኛው የሚከፈተው 12ኛ ክፍል ለጨረሰ ነው። በመካከል ያሉት ዓመታት በዘመድ፣ በሰፈርና በመንገድ ዳር ሥራ ይሞላሉ። እዚህ ላይ ልዩነት የሚያመጣው የመጀመሪያው ወር ገንዘብ አይመስለኝም። ሥራው ውስጥ የሚያስተምር ሰው አለ ወይስ የለም የሚለው ነው።

ከሕጉ እንጀምር። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ዝቅተኛውን የሥራ ዕድሜ 15 አድርጎታል። በቀድሞው አዋጅ ቁጥር 377/1996 14 ነበር። ከ15 እስከ 18 ዓመት ያለው «ወጣት ሠራተኛ» ይባላል። በቀን ከ7 ሰዓት በላይ መሥራት የለበትም። ከምሽቱ 4 ሰዓት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ሊያሠሩት አይችሉም። ትርፍ ሰዓት፣ የሳምንት ዕረፍት ቀንና የሕዝብ በዓል ላይም ማሠራት ክልክል ነው። ለወጣት ሠራተኛ ከተከለከሉት ሥራዎች መካከል የኤሌክትሪክ ማመንጫና ማስተላለፊያ መስመር፣ የማዕድንና የድንጋይ ካባ ሥራ፣ የፍሳሽ ቦይ ሥራ፣ ከባድ ነገር ማንሳትና መግፋት ያለበት የመንገደኛና የዕቃ ማጓጓዝ ይገኙበታል። በሙያ ትምህርት ቤት በተፈቀደ ሥልጠና ውስጥ የሚሠራ ግን በዚህ ክልከላ አይያዝም።

በዚህ ሚዛን የታክሲ ረዳትነት ለ16 ዓመት ልጅ የሚሆን ሥራ አይደለም። መርካቶ ውስጥ ጆንያ መሸከምም እንደዚያው። ሁለቱም ግን በየቀኑ የሚታዩ ናቸው። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ ማታ ላይ ኪስ ውስጥ ብር አለ። ለግሉ ዘርፍ በሕግ የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ ስለሌለ የታዳጊው ክፍያ በድርድር ይወሰናል። ድርድር ስል እንግዲህ ባለቤቱ ይናገራል፣ ልጁ አንገቱን ይነቀንቃል ማለቴ ነው።

የመንገድ ዳር ሥራዎች መግቢያቸው ቀላል ነው። ሊስትሮ ለመሆን ሳጥን፣ ቀለምና ብሩሽ ይበቃል። ከጉራጌ፣ ከወላይታና ከሐዲያ የመጡ ልጆች ቤት በጋራ ይከራያሉ፤ የቀን እቁብ ይጥላሉ። ከሊስትሮ ሳጥን ተነስቶ ሱቅ የከፈተ ነጋዴ መርካቶ ውስጥ ብርቅ አይደለም። ያን ነጋዴ ያሳደገው ግን የጫማ ቀለሙ ሳይሆን የእቁቡ ልማድ ነው። ሎተሪ ማዞር፣ ሱቅ በደረቴ፣ ላቫጆ መኪና ማጠብም ከዚሁ ጎራ ናቸው። ከስድስት ወር በኋላ ልጁ የሚያውቀው በመጀመሪያው ሳምንት ያወቀውን ነው።

ጋራዥ ሌላ ዓለም ነው። በሶማሌ ተራ፣ በተክለሃይማኖትና በሜክሲኮ ዙሪያ መለዋወጫ ሻጩና ጠጋኙ ተጠጋግተው ይሠራሉ። አዲስ ገቢ ልጅ መጀመሪያ ዕቃ አቀባይ ነው። «13 ቁጥር ቁልፍ!» ሲባል 13 ቁጥርን በዓይኑ መለየት አለበት። ከዚያ ክሪክ ማስገባት፣ ጎማ ማውጣት፣ ዘይት መቀየር ይመጣል። የፍሬን ሸራ መቀየር ሲፈቀድለት ሰው ሆነ ማለት ነው። ሞተር ማውረድ ለመንካት ዓመታት ሊያልፉ ይችላሉ። በመጀመሪያዎቹ ወራት የሚያገኘው የምሳና የትራንስፖርት ያህል ነው፤ ደንበኛ በጉርሻ ካልደጎመው በስተቀር። የታክሲ ረዳትነት ላይ ያለ እኩያው በቀን የሚያገኘውን እያየ ልቡ የሚሸፍተው ያኔ ነው።

ባለሙያው «መምህር» ሳይባል ያስተምራል። ብዙ አያስረዳም፣ ይቆጣል። ምሥጢሩን የሚደብቅም አለ፤ ልጁ ከተማረ ነገ አጥር ጎን የራሱን ይከፍታላ! ጎበዝ ልጅ ጥያቄውን መቼ እንደሚጠይቅ ያውቃል፦ ደንበኛው ከሄደ በኋላ፣ ሻይ ሲጠጣ።

ሞባይል ጥገና ደግሞ ፈጣኑ መንገድ ነው። ስክሪን መቀየር፣ የቻርጅ ሶኬት መበየድና ሶፍትዌር መጫን በወራት ይለመዳል። ቦርድ ላይ መሥራት ግን ሌላ ደረጃ ነው። መርካቶ ልብስ ስፌት ውስጥ የገባች ልጅ ቁልፍ ከመትከልና ዘርፍ ከመጥለፍ ጀምራ ወደ ስፌት መኪናው ትደርሳለች። ቅድ የሚሰጣት ግን የመጨረሻ ነው፤ ጨርቅ ከተበላሸ ኪሳራ ነውና። ፀጉር ቤት ማጠብና ካስክ ሥር ማስቀመጥ ይቀድማል፤ ሹሩባ የምትችል ልጅ ግን ከመጀመሪያው ቀን የራሷን ደንበኛ ይዛ ትገባለች። ምናለሽ ተራ ከበርሜልና ከቁርጥራጭ ብረት ምድጃና የቤት ዕቃ ይሠራል። ብረት መቁረጥና መቀጥቀጥ የሚማሩበት ቦታ እንደዚያ የለም፤ ጣትና ዓይን ለመጉዳትም እንደዚያው።

ለነዚህ ሁሉ ቤቶች የመግቢያ ፈቃዱ ተያዥ ነው። ገንዘብና ዕቃ ያለበት ቤት የማያውቀውን ልጅ አይቀበልም። 15 ዓመት የሞላው ልጅ የሰፈር ሰው ካልመሰከረለት ውጤቱ ምንም ቢያምር አይረዳውም። ለዚህ ነው የመሐል ከተማው ፈረሳ ከቤትም በላይ ነገር የነካው። ከ2016 ጀምሮ ፒያሳ፣ ከዚያም በ2017 ካዛንቺስ ሲነሱ ነዋሪው ወደ ከተማዋ ዳርቻ ተበተነ። ገላን ጉራ የገባ የካዛንቺስ ቤተሰብ ልጁን የሚያስይዝበት ጋራዥና ፀጉር ቤት አብሮት አልሄደም። አዲሱ መንገድ ሰፊ ነው፣ መብራቱም ያምራል። በሩን ከፍቶ «ና ግባ» የሚል ጠባብ ሱቅ ግን ቀንሷል።

ሽሮ ሜዳ ሌላ ታሪክ አለው። ከጋሞ ደጋ የመጡ ሸማኔዎች ጥለቱን ከአባት ለልጅ ሲያስተላልፉ ኖረዋል፤ ልጅም በቤቱ የሸማ መሥሪያ ጉድጓድ ላይ ቁጭ ብሎ መወርወሪያ ሲያቀብል ያድጋል። ይህ የሙያ ውርስ ነው። ከዚያው ጎን ግን ከገጠር «ላስተምርልህ» ተብለው የመጡ ሕፃናት ከጠዋት እስከ ማታ የሚሸምኑባቸው ቤቶች መኖራቸው በተደጋጋሚ ተዘግቧል። ሁለቱን አንድ ላይ መጥራት አይገባም።

ከሁሉ በላይ የማይታየው የቤት ሠራተኝነት ነው። አብዛኞቹ ሴቶች ልጆች ናቸው። ቀን ሠርተው ማታ ይማራሉ፤ አሠሪዋ ከፈቀደች። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ የቤት ውስጥ አገልግሎትን አይሸፍንም። ስለዚህ ከላይ የጠቀስኩት የ7 ሰዓት ገደብ እነሱን አይጠብቃቸውም። የማታ ትምህርቱ ራሱ የውሉ ክፍል እንዲሆን በምስክር ፊት መነጋገር አንድ መከላከያ ነው።

አሁን ወደ ኮሌጆቹ። ሜክሲኮ አካባቢ ያለው ተግባረ ዕድ በ1930ዎቹ የተመሠረተ ነው፤ በአገሪቱ ካሉት አንጋፋ የሙያ ትምህርት ቤቶች አንዱ። ከስድስት ኪሎ ወደ ሽሮ ሜዳ ሲወጡ እንጦጦ ፖሊ ቴክኒክ ይገኛል። በሆቴልና ቱሪዝም በኩል ደግሞ የቱሪዝም ማሠልጠኛ ኢንስቲትዩት ከ1961 ጀምሮ ምግብ አብሳይና አስተናጋጅ ሲያወጣ ቆይቷል። ሥልጠናው ከደረጃ 1 እስከ 5 ይሄዳል። በትብብር ሥልጠና አሠራር 70 በመቶው ጊዜ ድርጅት ውስጥ፣ 30 በመቶው ኮሌጅ ውስጥ እንዲሆን ታስቧል። ተማሪዎቹ «አፓረንት ወጣን» የሚሉት ይህንኑ ነው። ድርጅቱ ውስጥ ግን ማሽን ሳይነኩ ሻይ ሲያመላልሱ የሚከርሙ አሉ።

ቀድሞ የ10ኛ ክፍል ፈተና ወደ ኮሌጅ የሚሄደውን ይለይ ነበር። ያ ፈተና ከ2012 ወዲህ የለም። አሁን ልጁ በአብዛኛው እስከ 12ኛ መድረስ አለበት። በ2014 የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና በላይ ያመጣው 3.3 በመቶ፣ በ2015 ደግሞ 3.2 በመቶ ነበር። ያ ውጤት ብዙ ቤተሰብ ስለ ሙያ ያለውን ንቀት አስተካክሏል፤ በግድም ቢሆን። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት በ7ኛና 8ኛ ክፍል የሙያና ቴክኒክ ትምህርት ጨምሯል። መጽሐፉ ጥሩ ነው። መሥሪያው ክፍል ግን በየትምህርት ቤቱ የለም።

ክረምት ላይ በአራት ኪሎና በፒያሳ የግል ማሠልጠኛዎች ቤዚክ ኮምፒዩተር፣ ግራፊክስና ቪዲዮ ኤዲቲንግ ያስተምራሉ። ገንዘብ ለሌለው በ2016 ሐምሌ የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር በነጻ በኢንተርኔት ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስ፣ የአንድሮይድ መተግበሪያ ሥራና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መግቢያ ይሰጣል፤ ሰርተፊኬትም አለው። ቤት ውስጥ ኔትወርክ ለሌለው በ2014 የተከፈተው አብርሆት ቤተ መጻሕፍት አራት ኪሎ ላይ አለ። ጠዋት በጊዜ ነው መሄድ፣ ይሞላል። ፒያሳ ያለው አሊያንስ ፈረንሳይኛ ያስተምራል፤ አስጎብኚነትና ሆቴል ለሚያስብ ልጅ ቋንቋ ራሱ ሙያ ነው።

ጋራዥ ወይም ሱቅ ልጅ የሚያስገባ ወላጅ ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። አዋጁ የሙያ መልመጃ ውል የሚባል ነገር ያውቃል። ውሉ በጽሑፍ መሆን አለበት፤ የሚማረውን ሙያ፣ የሚወስደውን ጊዜና በሥልጠናው ወቅት የሚከፈለውን ይገልጻል። በአጎትና በወንድም ልጅ መካከል ወረቀት መጻፍ ነውር ይመስላል። ቢሆንም በግማሽ ገጽ መጻፍ ይቻላል፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ጎማ ብቻ ሲያወጣ የከረመ ልጅ የሚያሳየው ነገር ይኖረዋል።

ሌላው የብቃት ምዘናው ነው፤ ሰዉ ሲኦሲ የሚለው። ምዘናው ኮሌጅ ገብቶ ለተማረ ብቻ አይደለም። በሥራ ላይ የለመደም መመዘን ይችላል። የጽሑፍና የተግባር ክፍል አለው። ጋራዥ ያደጉ ልጆች ተግባሩን ሳይቸገሩ ይሠሩታል፤ የሚጥላቸው ጽሑፉ ነው። ስለዚህ ከመመዝገቡ በፊት ኮሌጅ ከገባ ጓደኛ ሞጁሉን ተውሶ ማታ ማታ ማንበብ ያስፈልጋል።