አሚሎይድን ማን ያጓጉለዋል?

የመርሳት በሽታ የሆነው አልዛይመር ሲነሳ አብሮ የሚነሳው ፕሮቲን አሚሎይድ ቤታ ይባላል። ክፉ ስም ወጣለት እንጂ የጤነኛ ሰው አንጎልም ይሠራዋል። በነርቭ ሴል ሽፋን ላይ ያለ ትልቅ ፕሮቲን አለ። ሁለት ኢንዛይሞች እሱን ሲቆርጡ የሚወጣው ቁራጭ ነው። አብዛኛውን ጊዜ 40 ወይም 42 አሚኖ አሲድ አለው፤ ባለ 42ቱ ይበልጥ ይጣበቃል። ደህና አንጎል ቶሎ ቶሎ ያስወግደዋል። በአልዛይመር ግን በደንብ እንዳልተማሰለ ገንፎ ይጓጉላል። ጀርመናዊው ሐኪም አሎይስ አልዛይመር እ.ኤ.አ. በ1906 ስለ አንዲት ሟች ታካሚው አንጎል ሲናገር ከገለጻቸው ነገሮች አንዱ ይኸው ጓል ነበር።

እንቆቅልሹ የሚመጣው ከመጠኑ ነው። ላብራቶሪ ውስጥ ንጹሕ አሚሎይድ ቤታ በቀላሉ እንዲጓጉል፣ በአንጎል ፈሳሽ ውስጥ ካለው በብዙ እጥፍ መብለጥ አለበት። ታዲያ ያችን ጥቂት ነገር ማን አጓጎላት? ሰውነት ራሱ የሚሠራቸው ኬሚካሎች ይሆናሉ የሚል መላምት አለ።

ለእኔ ከሁሉም የሚገርመው የኮሌስትሮሉ ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 በካሊፎርኒያው ስክሪፕስ የምርምር ተቋም ጄፈሪ ኬሊና ባልደረቦቹ አንድ ጥናት አሳተሙ። በጥናቱ መሠረት፣ ሰውነት እንደ ቁስል ሲቆጣ ኮሌስትሮል በኦክሲዴሽን (ከኦክስጅን ጋር በመዋሃድ) ይለወጥና አልዲሃይድ የሚባል ዓይነት ኬሚካል ይወጣዋል። ይኼ አልዲሃይድ አሚሎይድ ቤታ ላይ ይለጠፋል። የተለጠፈበት ፕሮቲን ውሃ ይሸሻል። ውሃ የሚሸሽ ነገር ደግሞ ሾርባ ላይ እንደሚንሳፈፍ ዘይት እርስ በርሱ ይሰባሰባል። ስለዚህ በትንሽ መጠንም ይጓጉላል። ይህ የታየው ግን በሙከራ ቱቦ ውስጥ ነው፤ ቱቦና አንጎል ለየቅል ናቸው። ደግሞ ክትፎውን ለመውቀስ አትቸኩሉ። አንጎል ኮሌስትሮሉን የሚሠራው ራሱ ነው፤ በደም የሚዞረው በቀጥታ አይገባበትም።

ማዕድናትም አሉበት። ሰውነት አይሠራቸውም፤ ግን አንዳንድ ነርቭ ሴሎች መልእክት ሲያስተላልፉ ዚንክ ይለቃሉ። ዚንክ አሚሎይድ ቤታን በፍጥነት እንደሚያጓጉል እ.ኤ.አ. በ1994 ታይቷል። በሟቾች አንጎል ጓል ውስጥም ዚንክ፣ መዳብና ብረት ተከማችቶ ይገኛል። እነዚህን የሚይዙ መድኃኒቶች ተሞክረዋል፤ ለአልዛይመር የተፈቀደ ግን የለም።

የኢንሱሊን መንገድ ከዚህ ይለያል። የደም ስኳርን የሚቆጣጠረውን ኢንሱሊንን የሚያፈርሰው ኢንዛይም አሚሎይድ ቤታንም ያፈርሳል። ኢንሱሊን ሲበዛ ኢንዛይሙ እሱ ላይ ይጠመድና ሌላው ሳይጸዳ ይቀራል ይላሉ አንዳንድ ተመራማሪዎች። ዓይነት 2 ስኳር ያለባቸው ሰዎች ለመርሳት በሽታ ይበልጥ መጋለጣቸው የታወቀ ነው። ምክንያቱ ግን ይህ ብቻ አይመስለኝም፤ ስኳር የደም ሥርንም ይጎዳል።

ሁሉም ወደ መጓጎል አይገፋም። ማታ ማታ የሚመነጨው የእንቅልፍ ሆርሞን ሜላቶኒን በሙከራ ቱቦ ውስጥ መጓጎሉን ሲከላከል ታይቷል። የሚያሳዝነው፣ ዕድሜ ሲገፋ ሜላቶኒን ይቀንሳል።

ነገሩ ግን በጓሉ ብቻ አያልቅም፤ ጓሉ ኖሮባቸው ምንም ሳይረሱ የሚሞቱ አዛውንቶችም አሉ። እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ሙሉ ፈቃድ ያገኘው ሌካኔማብ የተባለ መድኃኒት ደግሞ ጓሉን ከአንጎል ይጠርጋል። በሽታውን ግን በመጠኑ ያዘገየዋል እንጂ አያቆመውም።