የመልስ ግጥሚያው የት እንደሚካሄድ የሚወስነው ማን ነው?

የሻምፒዮንነት ቀበቶውን የያዘው ቡጢኛ ቦታውንም የሚመርጥ የሚመስለው ብዙ ሰው ነው። ነገሩ ግን ሌላ ነው። ብዙውን ጊዜ የሚወስነው የመጀመሪያው ፍልሚያ ውል ነው።

ቡጢኛውን አንዲ ሩይዝን እንውሰድ። እ.ኤ.አ. ጁን 1 ቀን 2019 ኒውዮርክ ውስጥ የወቅቱን ሻምፒዮን አንቶኒ ጆሹዋን አራት ጊዜ መሬት ላይ ጥሎ በ7ኛው ዙር አሸነፈው። ቀበቶዎቹንም ወሰደ። ግን ከፍልሚያው በፊት በፈረመው ውል ውስጥ የመልስ ግጥሚያ አንቀጽ ነበር። እንዲህ ያለው አንቀጽ ሻምፒዮኑ ከተሸነፈ በድጋሚ የመግጠም መብት ይሰጠዋል። ቦታ የመምረጡን ሥልጣንም ለእሱ ወገን ሊሰጥ ይችላል። ሩይዝ አሜሪካ ይሁንልኝ ብሎ ነበር። አልሆነም። ዲሴምበር 7 ቀን ሳዑዲ አረቢያ፣ ዲሪያ ላይ ተጋጠሙ። ለዚያ ምሽት ተብሎ ጊዜያዊ ስታዲየም ተሠራ፤ ጆሹዋም በነጥብ አሸንፎ ቀበቶዎቹን አስመለሰ።

ለምን ሳዑዲ? ገንዘቡ ነዋ! አስተናጋጁ ወገን ፍልሚያውን ለማምጣት ለአዘጋጁ ዳጎስ ያለ ክፍያ ይከፍላል። ያኔ የትኬት ሽያጭ ብዙም አያሳስብም። ለእኔ ግን ደጋፊው ያሳዝነኛል። ቡጢኛውን ከልጅነቱ ጀምሮ የተከተለው ሰው ትልቁን ምሽት በቴሌቪዥን ብቻ ያያል።

እንዲህ ያለ ውል ከሌለና ቀበቶውን የሚሰጠው ድርጅት ፍልሚያውን ግዴታ ካደረገውስ? ሁለቱ ወገኖች ካልተስማሙ ድርጅቱ ጨረታ ያወጣል። ከፍተኛ ዋጋ ያቀረበው ፕሮሞተር (የፍልሚያ አዘጋጅ) የማዘጋጀት መብቱን ያገኛል፤ ቦታውንም በአብዛኛው እሱ ይመርጣል።