ከባንድ ትሮምቦን ወደ ማስታወቂያ ሙዚቃ፦ የተሳሳቱ አመለካከቶችና እውነታው

ድሬዳዋ ውስጥ ለዓመታት በባንድ ትሮምቦን ስነፋና ዘፈን ስደርስ ኖሬ አሁን የማስታወቂያ ሙዚቃ አዘጋጅ ሆኛለሁ። ከዚራ ሰፈር ቡና ስንጠጣ ወዳጆቼ ስለ ሙያው የሚናገሩት ብዙው ከእውነታው የራቀ ስለሆነ፣ ደጋግሜ የምሰማውን ላርም።

«ትሮምቦን አጃቢ ብቻ ነው፤ ነፊው ዜማ አይደርስም።» ይህ ከሁሉም በላይ ያሳዝነኛል። ትሮምቦን እንደ ትራምፔት በጣት የሚጫኑት ቁልፍ የለውም፤ ድምፁን የሚለውጡት ከንፈርና ሰባት ማረፊያ ያለው ስላይድ (ወደፊትና ወደኋላ የሚሳብ ቱቦ) ሲሆኑ፣ ስላይዱ አንድ ማረፊያ በወጣ ቁጥር ድምፁ በግማሽ ቶን ይወርዳል። ማረፊያዎቹ ላይ ምልክት ስለሌለ ክንዱን የሚያስቆመው ጆሮ ነው። የከተማችን ሙቀት የናስ መሣሪያን ድምፅ ቀጠን ሲያደርገውም፣ ነፊው እየሰማ ያስተካክላል። አንቺሆዬ በተባለው ቅኝት በድምፆች መካከል ያለውን ጠባብ ክፍተት እንዲህ በጆሮው ሲለካ የኖረ ሰው ዜማ መድረስ ቢያውቅ ምን ይገርማል?

«ሠላሳ ሰከንድ በአንድ ከሰዓት ይሠራል።» በደቂቃ 96 ምት በሚሄድ ሙዚቃ 30 ሰከንድ 48 ምት፣ ማለትም ባለአራት ምት 12 ባር ብቻ ነው። በዘፈን ደካማ ስንኝ ቢኖር አዝማቹ ይክሰዋል፤ እዚህ ግን የሚክስ የለም። በዚያ ላይ ቋንቋው አለ። ባቡር በ1895 ዓ.ም. ከደረሰ ወዲህ ከልዩ ልዩ አካባቢ በመጣ ሕዝብ ባደገችው ድሬዳዋ፣ ያው ማስታወቂያ በአማርኛም፣ በኦሮምኛም፣ በሶማሊኛም ይፈለጋል። አንድ ጊዜ ለአንድ ሱቅ «ሁሉም አለ» የሚል ሐረግ ስናስቀርጽ ዜማዬ «ለ»ን አላልቶት፣ «ዕቃው ሁሉ ይገኛል» መሆኑ ቀርቶ «ሁሉም ተናገረ» ሆኖ ተሰማ። ድምፃዊቷ «ጋሼ፣ ይህ ይጥበቅ እንጂ» ብላ አረመችኝና ምቱን ቀየርኩት። በኦሮምኛ ደግሞ የአናባቢው መርዘምና ማጠር ትርጉም ስለሚለውጥ፣ የአማርኛውን ዜማ እንዳለ መጫን አይቻልም።

«ዜማው የእኔ ስለሆነ ውል አያስፈልገኝም» የሚሉኝ ደግሞ ወጣት ባልደረቦቼ ናቸው። በቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት፣ ሌላ ስምምነት ከሌለ በትእዛዝ የተሠራ ሥራ ባለቤት አዛዡ ነው። ስለዚህ መብቱን ለማስቀረት የሚፈልግ ሰው ከቀረጻው በፊት በጽሑፍ ይስማማ።

«ባንዱን የተወ ሙዚቃን ትቷል» ለሚሉኝም መልሱ ስቱዲዮዬ ነው። የማስታወቂያው አንባቢ ሲናገር ትሮምቦኑን ዝቅ ባለ ድምፅ ከሥር አስገባዋለሁ፤ ቃሉ ሲያበቃ ብቻ ከፍ ይላል። ለድምፃዊ መንገድ መልቀቅን የተማርኩት ከባንዱ የኋላ ረድፍ ነው።