«በሉ ተሳሳሙ» የማይፈታው ነገር

ተማሪ ተማሪን ቡሊ ሲያደርግ፣ ማለትም አቅም የሌለውን እየደጋገመ ሲያሰቃይ፣ አዋቂዎች ከአፋችን የማይጠፉ መፍትሔዎች አሉን። አብዛኛውን ጊዜ ያባብሳሉ።

«ተጣልተው ነው፤ አስታርቋቸው»

አራተኛ ክፍል ሳለን አንድ ጉልቤ የሌላውን ልጅ ምሳ ዕቃ በየቀኑ ይከፍት ነበር። ፍስክ ሲሆን እንቁላሉን፣ ጾም ሲሆን ድንቹን ይወስድበታል። አንድ ቀን ልጁ አለቀሰ። መምህራችን ሁለቱንም ፊት ለፊት አቁመው «በሉ ይቅር ተባባሉ፣ ተሳሳሙ» አሉ። ተሳሳሙ። እኛም አጨበጨብን። በማግስቱ እንጀራውም አብሮ ሄደ።

ሁለት እኩዮች ቢጣሉ እርቅ ያዋጣል። ይሄ ግን ጠብ አይደለም። ኖርዌይ ውስጥ ነገሩን ለዓመታት ያጠናው ዳን ኦልቬየስ በሦስት ምልክት ይለየዋል፦ ሆን ተብሎ ይደረጋል፣ ይደጋገማል፣ የአቅም ልዩነት አለው። አቅም ሲባል ደግሞ ጡንቻ ብቻ አይደለም። ብዙ ጓደኛ ያለው ልጅ አዲስ ገቢውን ያለ አንድ ቡጢ ሊያሰቃየው ይችላል። እና ያ ምስኪን ልጅ ይቅርታ የሚጠይቀው ምን አድርጎ ነው?

ፊንላንድ ውስጥ ኪቫ የሚባለውን ፕሮግራም የሚከተሉ ትምህርት ቤቶች አያሳስሙም። መጀመሪያ የተበደለውን ለብቻው ያናግራሉ። ከዚያ በዳዮቹን። ቆይተው ደግሞ «ቆመ ወይ?» ብለው ይጠይቃሉ። እኛ ጋ የሚረሳው ይቺው ጥያቄ ናት።

«ወንድ አይደለህ? መልስለት!»

መመለስ ቢችል ኖሮ መጀመሪያውንስ ማን ይነካው ነበር?

«በደንብ ቢገረፍ ይተዋል»

ትልቅ ትንሹን መምታት እንደሚችል ከዚህ በላይ ማስተማሪያ የለም። ደግሞም የ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 36 ሕፃናት በትምህርት ቤት ከአካል ቅጣት ነጻ እንዲሆኑ ይደነግጋል።

«አሳባቂ አትሁን»

«ቲቸር፣ ማስቲካ እያኘከ ነው» ማሳበቅ ነው። «ቲቸር፣ ሽንት ቤት ዘግተውበታል» ግን ማሳበቅ አይደለም። ልዩነቱን ካላስረዳናቸው ሁለቱንም ይውጧቸዋል።

«የሚያዩት ልጆች ምን ሊያደርጉ ይችላሉ?»

ብዙ። ካናዳ ውስጥ የትምህርት ቤት ግቢ በካሜራ ተቀርጾ እ.ኤ.አ. በ2001 የወጣ ጥናት አለ። ሌላ ልጅ ጣልቃ ከገባባቸው አጋጣሚዎች 57 በመቶው በ10 ሰከንድ ውስጥ ቆመዋል። ችግሩ፣ ጣልቃ የሚገባ የተገኘው ከአምስት አጋጣሚ በአንዱ እንኳ አልነበረም።

እኔም ያኔ ድንቹ ሲወሰድ አጠገቡ ነበርኩ። ምሳዬን እየበላሁ።