«ሬይል ትሬል» ምንድን ነው? የባቡር መቃብርስ አይደለም

ሰሞኑን አንድ ተንታኝ በቪዲዮ ሲያወራ ሰማሁት። «አሜሪካ እንኳ ባቡር አላዋጣ ብሏት ሐዲዷን ነቅላ ለሳይክል ሰጠችው» ይላል። ቀጠለና «እኛስ የድሮውን የጅቡቲ መስመር እንዲሁ ብናደርገው ምን ይለናል?» አለ። ላልፈው ነበር። ግን በአንድ ወር ውስጥ ሦስተኛዬ ሆነ። ከእሱ በፊት አንዱ በአዲስ አበባ የኮሪደር ልማት የተሠራውን የሳይክል መስመር «ሬይል ትሬል» ብሎታል። ሌላው ደግሞ ዋሽንግተን ውስጥ ካለው ከጆርጅታውን የሚነሳውን የቦይ ዳር መንገድ።

እኔ የባቡር መስመር መሐንዲስ ነኝ። ሜሪላንድ ነው የምኖረው። እንጀራዬ ሐዲድ ነው፤ ቅዳሜና እሑድ ደግሞ ሐዲድ የነበረበት ላይ ሳይክል እነዳለሁ። ስለዚህ ዛሬ ትንሽ ብነጫነጭ አትፍረዱብኝ። (የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።)

ትርጉሙ አጭር ነው። ባቡር ይሄድበት የነበረ መስመር ሐዲዱ ተነስቶ ለእግረኛና ለሳይክል ሲውል ሬይል ትሬል ይባላል። የአዲስ አበባው የመንገድ ዳር የሳይክል መስመር ነው፤ ደግ ነገር ነው፣ ስሙ ግን ሌላ ነው። ከጆርጅታውን እስከ ሜሪላንዷ ከምበርላንድ 297 ኪሎ ሜትር የሚዘልቀው የቦይ ዳር መንገድም በቅሎዎች ጀልባ ይጎትቱበት የነበረ ነው። የበቅሎ መንገድ በሉት። እኛ የባቡር ሰዎች ባቡር የሚያልፍበትን ቀጭን ረጅም መሬት «ኮሪደር» ነው የምንለው። ዘንድሮ ግን ይህን ቃል ከአፌ ካወጣሁ ሰው ሁሉ ስለ አዲስ አበባ የማወራ ስለሚመስለው፣ «መስመሩ» እያልኩ እቀጥላለሁ።

የስም ስህተቱን እንኳ እችለዋለሁ። የማልችለው «ሐዲዱ ተነቀለ፣ ባቡሩ ሞተ፣ መቃብሩ ላይ ሳይክል ይነዳል» የሚለውን ነው። ይህ ሰው ባቡር ማለት ሁለት ብረት ይመስለዋል። ብረቱማ በሳምንት ይነጠፋል፣ በሳምንት ይነሳል። ውዱ ከብረቱ ሥር ያለው ነው።

ባቡር ዳገት አይወድም። የብረት ጎማ በብረት ላይ ነው የሚሽከረከረው፤ ቆንጥጦ የሚይዘው ነገር የለም። የድሮ መሐንዲሶች ተራራ ሲገጥማቸው ወይ ዞሩት፣ ወይ ቆረጡት፣ ወይ በሱት። ሸለቆ ሲገጥማቸው ድልድይ ጣሉበት። ድሬዳዋ እንዴት እንደተወለደች አስታውሱ። ሐዲዱ መጀመሪያ የታሰበው ወደ ሐረር ነበር። ተራራው ወጪ አብዝቶ አስቸገረ፤ በ1902 መስመሩ ከተራራው ግርጌ ደርሶ ቆመ፣ እዚያው ላይ ከተማ በቀለ። ድሬን የወለዳት ዳገት ነው።

እኔ ደጋግሜ የምሄድበት መስመር ግሬት አሌጌኒ ፓሴጅ ይባላል። ከፒትስበርግ እስከ ከምበርላንድ 241 ኪሎ ሜትር ነው፤ የአሌጌኒን ተራሮች አቋርጦ ያልፋል። ከፍተኛው ቦታ 729 ሜትር ነው። ከከምበርላንድ ስትነሱ 38 ኪሎ ሜትር ያህል ትወጣላችሁ፤ በዚያ ሁሉ መንገድ ከፍታው የሚጨምረው 530 ሜትር ገደማ ነው። መቶ ሜትር ነድታችሁ አንድ ሜትር ተኩል አይሞላም ማለት ነው። ከፒትስበርግ በኩል ከመጣችሁ ደግሞ ዳገቱ 200 ኪሎ ሜትር ላይ ስለተበተነ እግራችሁ አያውቀውም። እንጦጦን በሳይክል የሞከረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ሻንጣ የጫኑ ሽበታም ባልና ሚስት እየተጨዋወቱ ተራራውን ሲሻገሩ ያየሁት እዚያ ነው። ጉልበቱ የእነሱ ብቻ አይደለም። ይህን የተራራ ክፍል በ1912 ለከፈተው ለዌስተርን ሜሪላንድ ባቡር የለፉ ሰዎች ጉልበት ነው።

እዚያ ላይ ቢግ ሳቬጅ የሚባል ዋሻ አለ፤ አንድ ኪሎ ሜትር ያህላል። በበጋ ትኩሳት ስትገቡበት ላባችሁ ጀርባችሁ ላይ ይቀዘቅዛል። ከጣሪያው የሚወርደው ጠብታ የራስ ቁራችሁን ጠብ ጠብ ያደርገዋል። ብርዱ ሲመጣ የዋሻው ሁለት አፎች በበር ይዘጋሉ፤ እስኪሞቅ ድረስ ማለፍ የለም። ሰው የሚመስለው ለጥንቃቄ ነው። እውነቱ ግን በግድግዳው የሚሰርገው ውኃ በረዶ ከሆነ ዋሻውን ይሰነጥቀዋል። ዊስኮንሲን ውስጥ በኤልሮይና በስፓርታ መካከል ባለው መስመር ላይም የዋሻ በር አለ። በእንፋሎት ባቡር ዘመን ዘበኛ ተቀምጦበት ነበር፤ ባቡር ሲመጣ ይከፍታል፣ ሲያልፍ ይዘጋል።

ማንም ባይጠይቀኝም ስለ ውኃ ካነሳሁ አይቀር አንድ ነገር ልናገር። የመስመር ጠላቱ ጎማ አይደለም፣ ውኃ ነው። «ሐዲዱን አንስተህ ጠጠር ካፈሰስክበት አለቀ» የሚል ሰው ከመስመሩ ሥር ያሉትን ቱቦዎች አይቷቸው አያውቅም። አንዷ በቅጠል ከተደፈነች በአንድ ክረምት ግማሽ ጎኑ ተንዶ ታገኙታላችሁ። ደግሞም ሐዲዱ ያርፍበት የነበረው እንጨት እንዳይበሰብስ በመርዛማ ቅባት ይነከር ነበር። ለአረሙም መርዝ ይረጭ ነበር። አፈሩ ሳይመረመር ልጆች አይለቀቁበትም።

ወደ ነገሬ ልመለስ። የእናቴን መቁጠሪያ አስቡት። ዶቃዎቹ ትንንሾቹ ከተሞች ናቸው፤ በዚያ በዊስኮንሲኑ መስመር ላይ ኤልሮይ፣ ኬንዳል፣ ዊልተን፣ ኖርዎክ፣ ስፓርታ። 51 ኪሎ ሜትር ውስጥ አምስት ዶቃ። ክሩ መሬቱ ነው። ሐዲዱስ? ሐዲዱ ጸሎቱ ነው። ጸሎቱ ቢቋረጥ መቁጠሪያው መቁጠሪያ ነው፤ ነገ ሌላ ሰው ሌላ ጸሎት ያደርስበታል፣ ሳይክል ነጂውም የራሱን። ክሩን ግን አንድ ቦታ ላይ ብትበጥሱት ዶቃው በሙሉ አልጋ ሥር ይገባል። ተንበርክካችሁ ብትለቅሙትም በሙሉ አይገኝም። ምሳሌዬን ከዚህ በላይ ብጎትተው ራሱ ሊበጠስ ነው፤ ግን ነገሩ ይኸው ነው። ከ241 ኪሎ ሜትር ውስጥ 200 ሜትሩ ተሸጦ መጋዘን ቢሠራበት የቀረችዋ 240 ምናምን የሁለት ሰፈር መናፈሻ ብቻ ነች።

ክሩ የሚበጠሰው ደግሞ በግንባታ ብቻ አይደለም፣ በወረቀትም ነው። አሜሪካ ውስጥ ብዙው የባቡር ኩባንያ መሬቱን አልገዛውም። ከገበሬው ያገኘው «ባቡር እስካሳለፍክበት ድረስ እለፍ» የሚል መብት ብቻ ነበር። ኩባንያው በይፋ «ተውኩት» ሲል ያ መብት ያበቃል። መሬቱም በግራና በቀኝ ላሉት ባለመሬቶች ይመለሳል። ክር በመቶ ቦታ ተቆራረጠ ማለት ነው።

በ1983 ኮንግረሱ ለዚህ መላ አበጀ። ስሙ ሬይልባንኪንግ ነው፤ መስመሩን ባንክ ማስገባት እንደ ማለት። ባቡሩ ይቆማል፣ ሐዲዱም ሊነሳ ይችላል፣ መስመሩ ግን «አልተተወም» ተብሎ ይመዘገባል። አንድ አካል በአደራ ይረከበዋል፣ እስከዚያው ሰው ይሄድበታል፣ ሳይክል ይነዳበታል። ባቡር ካስፈለገ ይመለሳል። በሕግ ዓይን ሳይክሉ ተከራይ ነው፣ ባለቤቱ ገና ባቡሩ ነው። ተንታኛችን ያላየው ይህን ነው። «ባቡሩን ቀበሩት» ያለው ነገር ባቡሩ እንዳይቀበር የወጣ ሕግ ነው።

እዚህ ላይ ገበሬውን አትርሱት። አያቱ ለባቡር ብሎ የፈቀደው መሬት ላይ ሳይክል ሲያልፍ ሲያይ «እኔ ለዚህ ፈቀድኩ?» ቢል እውነት አለው። ክርክሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። በ1990 ፍርድ ቤቱ ሕጉ ይጸናል፣ ባለመሬቱ ግን ካሳ መጠየቅ ይችላል አለ። በ2014 ደግሞ ባንክ ያልገባ፣ ጨርሶ የተተወ የዋዮሚንግ መስመር ጉዳይ ቀረበ። 8 ለ1 በሆነ ድምፅ ለባለመሬቱ ተፈረደለት። ሁሉም ሬይል ትሬል በዚህ ሕግ የተያዘ እንዳይመስላችሁ፤ በቀጥታ ተገዝተው የተያዙ ብዙ ናቸው። የኤልሮይና ስፓርታው ሕጉ ከመውጣቱ በፊት፣ በ1960ዎቹ፣ በክፍለ ግዛቱ የተገዛ ነው።

«ባቡርና ሳይክል አንድ ላይ አይሆኑም» ለሚለኝም መልስ አለኝ። ከከምበርላንድ እስከ ፍሮስትበርግ ያለውን ሂዱበት። የሳይክሉ መንገድ ጎን ሐዲዱ አለ፤ የቱሪስት ባቡር ይሄድበታል።

የጅቡቲው መስመርስ? 784 ኪሎ ሜትር፣ በሐዲዶቹ መካከል አንድ ሜትር ስፋት ያለው፣ በ1917 አዲስ አበባ የገባ። አዲሱ የኤሌክትሪክ ባቡር ሰፋ ባለ ሐዲድ በራሱ መስመር ነው የሚሄደው፤ ስለዚህ «የድሮው ምን ይሁን?» የሚለው ጥያቄ ተገቢ ነው። ሳይክልን የሚጠላ የለም። ግን የአሜሪካንን ሕግ መገልበጥ አይሠራም፤ እኛ ዘንድ መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው፣ ወደ ጎረቤት ገበሬ የሚመለስ መብት የሚባል ነገር የለም። የእኛ ጥያቄ ክሩ አለ ወይ ነው። የት ላይ ቤት ተሠራበት? የት ላይ መንገድ ቆረጠው? የትኛው ድልድይ ይቆማል? ይህ ተለክቶ ካርታ ላይ ሳይሰፍር ስለ ሳይክል ማውራት ከበሬው በፊት ጋሪው ነው። ሐዲዱን ለቁርጥራጭ ብረት ሸጦ መሬቱን እየቆረሱ ማደል ደግሞ ሬይል ትሬል አይባልም፣ በየትም አገር። በዚያ ላይ ቆላውን አስቡት። በአዋሽና በድሬዳዋ መካከል በቀትር ሳይክል የሚነዳ ሰው ካለ እኔም ላየው እፈልጋለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ፦ «መንገዱ የገጠር ከተሞቹን አበለጸጋቸው» የሚባለውን በልኩ ውሰዱት። በግሬት አሌጌኒው መስመር ላይ ያለችው የሜየርስዴል የድሮ ባቡር ጣቢያ ዛሬ ሙዚየምና የእንግዳ መቀበያ ናት። ቆንጆ ናት፣ ቡናም አርፈን ጠጥተናል። ሳይክል ነጂ የሚያድርባት ከተማ ተጠቅማለች፣ ውኃ ሞልቶ የሚያልፍባት ግን ያው ውኃዋን ሰጥታለች። የድንጋይ ከሰሉን ሥራ አንድ የእንግዳ ማረፊያ አይተካውም።

ለተንታኙ የማሳየው ሩቅ አገር አይደለም፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው፣ ከቤቴ ብዙም የማይርቅ። ከጆርጅታውን በቤተስዳ በኩል ወደ ሲልቨር ስፕሪንግ የሚመጣ የጭነት ባቡር ነበር፤ በ1985 ቆመ። ካውንቲው (የአካባቢው አስተዳደር) በድርሻው ያለውን መስመር በ1988 በዚያው በሬይልባንኪንግ ሕግ ገዛው። ከቤተስዳ እስከ ሲልቨር ስፕሪንግ ባለው ላይ ጠጠር አልብሶ በ1997 ለሰው ከፈተው። ስሙ ላይ ራሱ «ጊዜያዊ» የሚል ቃል ነበረበት። እንግዲህ ሐበሻው ሁሉ የእግር ጉዞውን እዚያ ላይ ያደርግ ነበር። ነጠላቸውን የተከናነቡ እናቶች፣ የሕፃን ጋሪ የሚገፉ አባቶች፣ ጥላው ደስ የሚል ዛፍ። በ2017 ሴፕቴምበር መግቢያ ላይ ተዘጋ። በመስመሩ ላይ ፐርፕል ላይን የሚባል የከተማ ባቡር ሊሠራበት። ባንክ የገባው ወጣ።

ያኔ እኔ ሙያዬን ይዤ በጣም ደስ ብሎኝ ነበር። ሕጉ የተጻፈውን ሲሠራ በዓይን ማየት ብዙ ጊዜ አይገጥምም። በየቀኑ ጠዋት እዚያ ላይ ይሄዱ የነበሩ አንዲት ጎረቤቴ አጥሩ ፊት ቆመው አገኘኋቸው። በእጃቸው ዱላቸውን ይዘዋል፣ ማስታወቂያውን ያያሉ።

«መንገዳችንን ወሰዱብን እኮ ልጄ» አሉኝ።

«አይ እማማ፣ መጀመሪያም የባቡር ነው። ስሙ ላይ ጊዜያዊ ይላል እኮ» አልኳቸው፤ ይህን ከላይ የጻፍኩትን በሙሉ፣ ክሩንም ዶቃውንም ጨምሬ አስረዳኋቸው። ጨርሰው ሰሙኝ።

«እሺ» አሉ። «ጊዜያዊ ከሆነ ታዲያ ለምን ሃያ ዓመት አስለመዱን?»