መራራው ቢራ ላይ የምንሳሳተው

ባለፈው ቅዳሜ ፒያሳ ጓደኛዬ ቤት ተሰብስበን ነበር። አንዱ ከውጭ ሲመለስ አራት ጣሳ ደብል አይፒኤ ይዞ መጣ። አይፒኤ ከሚባለው የቢራ ዓይነት ጠንከር ያለው ነው፤ ሆፕስ የሚባለው መራራ አበባ የበዛበት፣ አልኮሉ 8 በመቶ የሆነ ክራፍት (በአነስተኛ ጠማቂ የሚሠራ) ቢራ። ለስድስት ሰው ትንሽ ትንሽ ቀዳን። ቢራው ግሩም ነበር፤ የተወራበት ግን አብዛኛው ስህተት ነው።

«ኧረ ይሄ መራራ ነው፣ አልኮሉ አይቻልም!»

መራራነቱና አልኮሉ ምንጫቸው ለየቅል ነው። አልኮሉን የሚሠራው እርሾው ነው፣ የብቅሉን ስኳር እየበላ። መራራነቱ የሚመጣው ከሆፕስ አበባ ነው። አበባው ሲፈላ ውስጡ ያለው አልፋ አሲድ ይለወጥና ያንን መራራ ጣዕም ይሰጣል። ስለዚህ በጣም መራራ ሆኖ 4 በመቶ ብቻ የሆነ ቢራ አለ። ጣፋጭ ሆኖ 10 በመቶ የሚደርስም አለ። ጠጅ የጠጣ ሰው ይህን ያውቀዋል፤ እየጣፈጠ አይደል የሚጥለው?

የዚያን ቀኑ ቢራ ግን የምር ጠንካራ ነው። ባለ 330 ሚሊ ሊትሯ ጣሳ ውስጥ 26 ሚሊ ሊትር ያህል ንጹህ አልኮል አለ። 5 በመቶ የሆነ ግማሽ ሊትር ድራፍት ውስጥ ያለው 25 ነው። ጣሳዋ ትንሽ ናት ብሎ መድገም ያሳስታል።

«ፍሪዘር ውስጥ ክተተው፣ በረዶ ሲሆን ነው የሚጥመው።»

እኔን በጣም የሚያሳዝነኝ ይሄኛው ነው። እንዲህ ዓይነት ቢራ ላይ ዋናው ነገር ሽታው ነው፤ ብርድ ደግሞ ሽታን ያፍናል። ከ8 እስከ 12 ዲግሪ ይበቃዋል። እኛ ከፍሪጅ አውጥተን ጠረጴዛ ላይ ትንሽ አቆየነው። ከዚያ አፉ ሰፋ ባለ ብርጭቆ ቀዳነው። መጀመሪያ የብርቱካን ልጣጭ ሸተተን፣ ቀጥሎ ማንጎ፣ ከዚያ ገና የተቆረጠ የገና ጥድ። ከጣሳው ብንጠጣው ኖሮ ይሄ ሁሉ ያመልጠን ነበር።

«ደፍርሷል፣ ተበላሽቷል።»

አልተበላሸም። ሆን ተብሎ ሳይጣራ የሚቀር አይፒኤ አለ። ጉሽ ጠላ ስንጠጣስ ድፍርሱን መቼ ጉድለት እንለዋለን?

«አስቀምጠው፣ ሲቆይ ይበስላል።»

አንዳንድ ጠንካራ ጥቁር ቢራ ሲቆይ ያምርበታል። ሆፕስ የበዛበት ግን በጥቂት ወራት ሽታው ይሞታል። ጣሳው ሥር የተጻፈውን ቀን ማየት ነው። ጠርሙስ ከሆነ ደግሞ ከፀሐይ ይራቅ፤ ብርሃን ሆፕሱን ያገማዋል።

«ይሄ የፈረንጅ ምላስ ነው፣ ለእኛ አይሆንም።»

እዚህ ላይ አልስማማም። በጌሾ ያደገ ምላስ ነው ያለን! ሆፕስና ጌሾ ዘመድ አይደሉም። አንዱ የሐረግ አበባ ነው፤ የሌላው ቅጠሉና እንጨቱ ነው የሚገባው። ሥራቸው ግን ይመሳሰላል፤ ሁለቱም ጣፋጩን በመራራ ይገራሉ። እናቴ ጠላ ስትቀምስ የመጀመሪያውን ጉንጭ ምላሷ ላይ ታቆየዋለች፣ ፍርዷን የምትሰጠው በሁለተኛው ነው። አይፒኤም እንደዚያ ነው የሚቀመሰው። የመጀመሪያው ጉንጭ ያስደነግጣል፤ የብቅሉ ጣፋጭ የሚሰማው በሁለተኛው ነው።

አንድ ቀን እዚሁ ከተማ መሃል ቢጠመቅ ደስ ይለኛል። የውጭውን አሠራር እንዳለ መገልበጥ ግን አያዋጣም። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ገደማ ላይ ስላለች፣ ውሃችን በ92 ዲግሪ አካባቢ ይፈላል። በዚያ ሙቀት የሆፕሱ መራራ ቶሎ አይወጣም። ጠማቂው ወይ ሆፕሱን ይጨምራል፣ ወይ ረዘም አድርጎ ያፈላዋል።