«ቢሮ ጠቦናል» እና ሌሎች የምናምናቸው ስህተቶች

ድሬዳዋ ውስጥ አንድ መሥሪያ ቤት ለጉዳይ ሄጄ ነበር። አራት ሠራተኞች ሁለት ጠረጴዛ ላይ ተፋፍገው ተቀምጠዋል። «ቢሮ ጠቦናል፣ የምንከራየው ቤት እየፈለግን ነው» አሉኝ። ስወጣ ኮሪደሩ ጫፍ ላይ ሦስት የተቆለፉ በሮች አየሁ። ጥበቃውን «አቦ፣ እዚህ ምን አለ?» ስለው «ወንበር» አለኝ። ቀጣዩስ? «እሱም ወንበር።» የተሰበረ ማለቱ ነው።

ስለ መንግሥት ቢሮ ወጪ ስናወራ ብዙዎቻችን የሚታየን ኪራይ ብቻ ነው። ደጋግሜ የምሰማቸውን ላንሳ።

«የመንግሥት ንብረት አይነካም፤ ከነካኸው ትጠየቃለህ።»

በሮቹን የቆለፈው ይሄ ፍርሃት ነው። የንብረት አስተዳደር ሕጉ ግን አገልግሎት የማይሰጥ ንብረት ይወገድ ነው የሚለው። ለሌላ መሥሪያ ቤት ማዛወር ይቻላል። በጨረታ መሸጥም ይቻላል። የሚያስጠይቀው ያለ ኮሚቴና ያለ ወረቀት ማውጣት ነው። አንዳንዴ ደግሞ ወንበሩ በሞዴል 22፣ ማለትም በንብረት ወጪ ማድረጊያ ቅጽ፣ ወጪ የሆነው ድሮ በለቀቀ ሰው ስም ሆኖ ይገኛል። ሰውየው ክሊራንሱን ይዞ ሄዷል። ወንበሩ አሁን የማን እንደሆነ የሚያውቅ የለም። ስለዚህ ቆጠራ ሲመጣ ያ በር ይታለፋል። ያልተቆጠረ ደግሞ አይወገድም። ኃላፊዎችን ብቻ አልወቅስም፤ ለእንዲህ ያለ ፊርማ የሚደፍር ሰው ማግኘት ቀላል አይደለም።

«የራሳችን ቤት ነው፣ ወጪ የለውም።»

በ1967 በአዋጅ ቁጥር 47 በተወረሰ ቤት ውስጥ የሚሠራ ሰው ይህን በሙሉ ልብ ይነግርሃል። ግን የጥበቃው ክፍያ ከደመወዝ፣ መብራትና ውሃው ከሥራ ማስኬጃ፣ ጣሪያው ከጥገና በጀት ይወጣል። ደምሮ «ይህ ቤት ዘንድሮ ይህን ያህል በላ» የሚል ሰው የለም። ስፋቱንም የሚለካ የለም። 300 ካሬ ላይ 12 ሰው ቢሠራ ለአንዱ 25 ካሬ ደረሰው ማለት ነው። የእንግሊዝ መንግሥት ለቢሮዎቹ በአንድ ሠራተኛ 10 ካሬ ሲል ቆይቶ ወደ 8 አውርዶታል። እኛም 8 እንሁን አልልም፤ የድሬ ሙቀት አለ። ግን 25ቱ ምን ይሠራል?

«የድሮውን አፍርሶ ዘመናዊ ሕንፃ መሥራት ያዋጣል።»

ስለ ሙቀት ካነሳን አይቀር፣ የድሬዳዋን የድሮ ሰፈር ከዚራን አስቡት። ከተማዋ ባቡሩ በ1895 ከደረሰ ወዲህ የተቆረቆረች ናት። የባቡር ሰዎች የሠሯቸው ቤቶች ግድግዳቸው ወፍራም፣ ኮርኒሳቸው ከፍ ያለ፣ በረንዳቸው ሰፊ ነው። ደጃቸው ላይ ዛፍ አለ። ቀትር ላይ ገብቶ የተቀመጠ ያውቀዋል። እነሱን ትቶ መስታወት የለበሰ ሕንፃ ውስጥ የገባ መሥሪያ ቤት ቀኑን ሙሉ ኤሲ ሊያስነሳ ነው። የመብራት ሂሳቡ ደግሞ ሕንፃው ሲመረቅ አይነገርም።

«ርካሽ ኪራይ ምንጊዜም ይሻላል።»

ከተማዋን የሚያቋርጠው የደቻቱ ወንዝ ዳር ካልሆነ። የ1998ቱን ጎርፍ ያየ ሰው መዝገብ ቤቱን እዚያ ምድር ቤት አያስቀምጥም።

«እያንዳንዱ መሥሪያ ቤት የራሱ መቀበያ ያስፈልገዋል።»

በ2017 አዲስ አበባ ላይ የተከፈተው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት የተለያዩ ተቋማትን መስኮት አንድ ጣሪያ ሥር አስቀምጧል። ተገልጋዩም ከቢሮ ቢሮ አይንከራተትም።

«በጀት ካተረፍክ ትመሰገናለህ።»

እስከ ሰኔ 30 ያልወጣው ገንዘብ ወደ ካዝና ይመለሳል። ብዙ ሰው ደግሞ «ዘንድሮ ካልጨረስን ለከርሞ ይቀነስብናል» ብሎ ይፈራል። ስለዚህ ሰኔ ሲገባ ግዥው ይጧጧፋል። ምን ይገዛል? ወንበር።

ያን ቀን ጥበቃውን ስለ ሦስተኛውም በር ጠይቄው ነበር።

«እሱን አላውቅም» አለኝ። «ቁልፉ ከጠፋ ቆየ።»